ወረፋው ላይ ያለው ሰው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስለ መንግሥትና ሃይማኖት የሚናገረው በጣም በአጭሩ ነው። አንቀጽ 11 ሦስት ነገር ይላል፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ የመንግሥት ሃይማኖት የሚባል አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ እጁን አያስገባም። በቃ። ኮድ ሲጽፍ ውሎ ለሚያድር እንደ እኔ ላለ ሰው እንዲህ አጭርና ጥርት ያለ ነገር ማንበብ ደስ ይላል። ችግሩ፣ አጭር ሕግ ማለት ቀላል ሕግ ማለት አይደለም። በስም ያልተጠሩት ሁኔታዎች ሁሉ አንድ ቀን የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ዱብ ይላሉ።

ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳኛ አይደለም። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ያቀርብለታል። እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ክርክር ጥቂት ነው። ስለዚህ አንቀጽ 11ን በየቀኑ የሚተረጉመው በየቢሮውና በየመምሪያው የተቀመጠው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ኃላፊው «ይሄ ነገር ያስኬዳል?» ብሎ ሲመራበት ሁለት ገጽ አስተያየት ጽፎ የሚመልሰው። ማንም አያውቀውም፣ ቴሌቪዥን ላይም አይቀርብም። ግን አንድ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ለምትኖር ሴት ሕገ መንግሥቱ ማለት እሱ የጻፋት ሁለት ገጽ ናት።

እስቲ እዚህ እንጅባራ እንዲህ ያለ አንድ ባለሙያ እናስብ። የምናብ ሰው ነው፣ ማንንም እየጠቆምኩ አይደለም። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ እሱ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ሦስት ደብዳቤ ፊቱ ደርድሯል። አንዱ ለመስከረም ስለታሰበው የተማሪዎች ምገባ ነው፦ ወጥ ቤቱ አንድ ነው፣ የምግብ ዝርዝሩ ላይ እንቁላል አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ምን ይደረግ? ሥጋ ከተገኘስ ማን ይረድ? ሁለተኛው አንድ ቤተ እምነት በልማት ክንፉ በኩል ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ማዕከል ሊከፍት ፈልጎ መሬትና የተወሰነ በጀት የጠየቀበት ነው። ሦስተኛው ከጤና ጣቢያ ነው። አንዲት ነርስ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ መስጠት እምነቴ አይፈቅድልኝም ብላለች።

ሦስቱም ደብዳቤዎች መጨረሻቸው አንድ ነው፦ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ከመሆናቸው አንጻር የሕግ አስተያየት እንዲሰጥበት።»

ሰነፍ መልስ አለ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ለሁሉም ተማሪ አንድ ድስት፤ ለቤተ እምነት አምስት ሳንቲም አይሰጥም፤ ነርሷ ትሥራ ወይ ትሂድ። የግድግዳ መልስ እንበለው። ብዙ ጓደኞቼ፣ በተለይ ዘመናዊ ነን የምንለው፣ ልባችን ወደዚህ ያደላል። እኔ ግን ግድግዳው የነገሩን ልክ አያሳየንም ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ፈላስፋ መጥቀስ አያስፈልግም፤ የራሳችን መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል።

በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉን። በመንግሥት በጀት የሚሠሩ፣ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኙ ፍርድ ቤቶች። ግድግዳው እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ አንድ ቀን ማደር አልነበረባቸውም። ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 በር ከፍቶላቸዋል፤ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። «ከፈቀዱ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የታየው በ1996 ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈልግም አለች። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን ትቶ ጉዳዩን አየ፣ ወሰነም። ይግባኝ አለች፣ አልሆነላትም፤ ሰበር ድረስ ሄደች፣ አልሆነላትም። በመጨረሻ ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰና ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተሻረ።

ይሄን ውሳኔ የምወደው ጥያቄውን ስላስተካከለው ነው። መንግሥት ለቃዲ ደመወዝ መክፈል ይችላል ወይ የሚለው ላይ አልተንጠለጠለም። የጠየቀው ሴትየዋ ፈቅዳ ነው ወይ የገባችው የሚለውን ነው። ልብ በሉ፣ የእሷ እምቢታ ዋጋ ያገኘው መደበኛው ፍርድ ቤት ስለነበረ ነው። እምቢ ብላ የምትሄድበት ቦታ ነበራት። ሌላ በር በሌለበት ቦታ «ፈቅደሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቧልት ነው።

እንግዲህ ባለሙያችን ደብዳቤዎቹን ከአንቀጽ 11 ጀምሮ ማንበቡ ራሱ የመጀመሪያው ችግር ነው። አንቀጽ 11 የሚያወራው ስለ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት እንዴት እንደሚጎራበቱ። ወረፋ ላይ የቆመው ሰው እዚያ ውስጥ የለም። እሱ ያለው አንቀጽ 41 ላይ ነው፤ ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው የሚለው ላይ። ከዚህ ሲጀመር ጥያቄው ይቀየራል። ገንዘቡ በየት በኩል አለፈ ሳይሆን፣ ሰውየው አገልግሎቱን ለማግኘት በምን በኩል እንዲያልፍ ተገደደ ነው የሚባለው።

ይሄ ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ኋላ ልውሰደው። በ1936፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ የኃይለ ሥላሴ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ሥራ ድንጋጌ አወጣ። በሚሲዮኖች እጅ ስላለ ሕክምናና ትምህርት በዝርዝር የደነገገ ሰነድ ነው። ዘዴው ካርታ ነበር። አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፦ ሕዝቡ በብዛት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆነበት አካባቢ፣ ጎጃምን የመሰለው ማለት ነው፣ ለስብከት ዝግ ሆነ፤ ሌላው ክፍት ሆነ። በዝጉ አካባቢ ሚሲዮኑ ሆስፒታልና ለማንኛውም እምነት ያላደላ ትምህርት ቤት ማቋቋም ይችላል፣ ወደ ራሱ ሃይማኖት መሳብ ግን ክልክል ነው። በክፍቱ አካባቢ ይሰብካል።

ለጊዜው ብልህ ሕግ ነበር። ሆስፒታሉን ሳያባርር ስብከቱን አቆመ። ግን ማንን እንደጠበቀ ተመልከቱ። ጎጃም ውስጥ ያለው በሽተኛ ከስብከት ነፃ ሆኖ ይታከማል፣ ወለጋ ወይም ወላይታ ያለው በሽተኛ ግን ያ ጥበቃ የለውም። የሁለቱ ሰዎች ሕመም አንድ ነው። የተጠበቀው ታማሚው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኒቱ ድንበር ነበር። ሕጉ «ይሄ የማን አገር ነው?» እንጂ «ይሄ ሰው እምቢ ማለት ይችላል ወይ?» አላለም። ዛሬም ከሁለት ሰዎች ጋር ስለ ሃይማኖትና መንግሥት ብትከራከሩ አንደኛው ካርታውን ማውጣቱ አይቀርም፤ እዚህ እኛ ነን የምንበዛው ይላል።

እውነት ነው፣ እኛ ጋ አንድ ወገን ይበዛል። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ አዊ ዞን ውስጥ ከመቶ 94 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው፤ አገር አቀፉ ግን ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነበር። እንዲህ በሆነበት ዞን «ገለልተኛ» የሚባለው ነገር ሳይታወቀን የብዙኃኑ ልማድ ይሆናል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ሜዳው በፈረስ ይሞላል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ቀኑ የጊዮርጊስ መሆኑን ግን ማንም እንደ ሃይማኖት ጣልቃ ገብነት አያየውም። (በዓሉን እወደዋለሁ፤ እንዳትሳሳቱብኝ።) አየር ስለሆነ ነው የማናየው። ምግብ ቤት ስትገቡ ረቡዕ ቀን «የፍስክ አለ?» ብሎ መጠየቅ ለአንዳንዱ ሰው ምን ያህል ድፍረት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ደብዳቤ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በሰነፉ መልስ ከሄድን ማዕከሉ አይከፈትም፣ አረጋውያኑ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ግን ንጹሕ ይሆናል። ደግሞ ተግባራችን ከዚህ ጋር አይሄድም። ወሊሶ የሚገኘው ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኦሮሚያ ጤና ቢሮ ጋር እየተባበረ የአካባቢው ሕዝብ በሪፈር የሚሄድበት ሆኗል። የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት በሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ እህል ያከፋፈለው በአብዛኛው ሙስሊም ለሆነው የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ነው። እህሉን የሚቀበለው ሰው ጁምዓውን ሰግዶ ይመጣል፣ ስንዴውን ይሸከማል፣ ይሄዳል። ሃይማኖት አልተለወጠም፣ መንግሥትም አልወደቀም።

ታዲያ ዝም ብሎ «ይፈቀድ» ብሎ መጻፍ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ከሃይማኖተኛው ወገን የሚመጣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ እሱን ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1964 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፣ በኋላ በ1971 ደርግ የገደላቸው። የደብዳቤው ቅሬታ እንዲህ ነው፦ ለጋሾች ለክሊኒክና ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ይሰበሰባል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኛ ጋ ሰው አንድ ነው።

ይሄን ክርክር ሳነበው ቆም አድርጎኛል። ልክ ናቸው እኮ። «ሾርባው የልማት፣ ጸሎቱ የሃይማኖት» የሚለው አከፋፈል ከየትኛውም ጥንታዊ እምነታችን የወጣ አይደለም፤ የበጀት ኮድ ነው። የሚያምን ሰው ሾርባውን የሚያበስለው ስለሚያምን ነው። ኤችአይቪ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ሲጀመር ብዙ ታማሚ እንጦጦ ማርያም ጸበል ነበር፣ መድኃኒቱን ትቶ። ሐኪም ቢመክር ፖስተር ቢለጠፍ የማይሰማውን ሰው፣ በ1999 አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል ሲሉ የሚሰማው ቃል አገኘ። መንግሥት ያን ቃል በበጀት ሊገዛው አይችልም ነበር።

ስለዚህ የጉዲናን ቅሬታ እቀበላለሁ፣ ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ሰው አንድ ነው የሚለው እውነት ለሰጪውም ለተቀባዩም ነው የሚሠራው። ተቀባዩም አንድ ሰው ነው፤ ሾርባውን ለመብላት የመጣው አፉ ብቻውን አይደለም፣ የራሱን እምነት ተሸክሞ ነው የመጣው። ሰጪው የእኔ ሥራ አይከፈልም ሲል፣ የሚያጣው ነገር ቢኖር የመንግሥት ገንዘብ ነው። ተቀባዩ የእኔ ነፍስ አይከፈልም ሲል የሚያጣው ራቱን ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ወጪው አቅም ያለው ላይ ይውደቅ፤ አቋሜ ይሄ ነው፣ ለማንኛውም ቤተ እምነት ያው ነው።

የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ለዚህ አንድ መላ ነበረው፦ የሃይማኖት ድርጅት ገንዘቡን መውሰድ ይችላል፣ ግን አምልኮና ስብከቱ በመንግሥት ገንዘብ ከሚሠራው ሥራ በጊዜ ወይም በቦታ ይለይ፣ መሳተፉም በፈቃደኝነት ይሁን። ባለሙያችን ይሄንኑ ቢገለብጠው ማንም አይወቅሰውም። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል እላለሁ፤ የጎደለው ቃል የአማርኛ ነው፦ ይሉኝታ።

ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው አንድ አባት አስቡ። ማዕከሉ አልጋ ሰጥቷቸዋል፣ ልብሳቸውን ያጥብላቸዋል፣ ልጆቹ «አባባ» እያሉ ያቅፏቸዋል። ጸሎቱ በሌላ ክፍል ነው፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፣ ማንም አያስገድድም፣ ግድግዳው ላይ «በፈቃደኝነት» ተብሎ ተለጥፏል። አባባ ይሄዳሉ። ለምን ይሄዳሉ? ያጎረሰን እጅ ማሳፈር እኛ ጋ ከባድ ነገር ስለሆነ። «ምን ይሉኛል» ብለው ነው የሚሄዱት። በጊዜና በቦታ መለየት የሚሠራው ተነስቶ መውጣት ለሚችል ሰው ነው፤ እሳቸው በሕግ መውጣት ይችላሉ፣ በይሉኝታ ግን ታስረዋል። ይሄን ደግሞ ደንብ ብቻውን አይፈታውም። ሊያቀለው የሚችለው ነገር አንድ ነው፦ አልጋውን የሚመድበው ሰውና ጸሎቱን የሚመራው ሰው አንድ እንዳይሆኑ ማድረግ፣ ቅሬታም ካለ ለማዕከሉ ሳይሆን ለወረዳው እንዲቀርብ። ባለሙያው ከአንቀጽ ጥቅስ ይልቅ እንዲህ ያለ አሰልቺ ዝርዝር ቢጽፍ ይሻላል።

የአሜሪካ ነገር ከተነሳ አንድ ተጨማሪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ቢሮ ስለ ወርልድ ቪዥን አስተያየት ጻፈ፤ እኛም አገር በደንብ የምናውቀው ድርጅት ነው። ወጣቶችን ከወንጀል ለመጠበቅ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጠው ነበር፣ የገንዘቡ ሕግ ደግሞ በሃይማኖት ለይቶ መቅጠርን ይከለክላል። የመንግሥቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ ድርጅቱን በዚህ ማስገደድ የሃይማኖት ነፃነቱን ይጎዳል፣ የእምነቱን ሰዎች ብቻ ቀጥሮም ገንዘቡን መውሰድ ይችላል አሉ። ክርክሩ በራሱ መንገድ ብልሃት አለው። ግን አስተያየቱ በዋናነት የመዘነው ድርጅቱ ላይ የሚወድቀውን ሸክም ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ድርጅት ባይቀጥርህ ሌላ መቶ አለ። ዲግሪ ይዞ የወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ለሚውል ልጅ ግን በዓመት የሚወጣው ደህና ክፍት ቦታ የዚያ ድርጅት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሥራ ፍለጋም ወረፋ ነው። ቄስ ወይም ሰባኪ ሲቀጠር እምነት መጠየቅ ያለ ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ ለሚከፈለው ሒሳብ ሠራተኛና ሹፌር ግን ምን አገባው?

ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ነርሷ። እሷን መጥላት አልችልም። ከደመወዟ በፊት ሕሊናዋን ያስቀደመች ሴት ናት፣ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ የለንም። ግን ሕጉ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነው፤ በ2006 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የወሊድ መቆጣጠሪያን፣ ሕጋዊ ውርጃን፣ ደም መስጠትን የመሰለ አገልግሎት አልሰጥም ማለት እንደማይችል ደንግጓል። ባለሙያችን በዚህ ታስሯል። እኔ ግን አልታሰርኩምና የሚሰማኝን ልበል፦ ደንቡ ገጠር ላይ ልክ ነው፣ ትልቅ ከተማ ላይ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይጨክናል። አሥር ነርስ ባለበት ሆስፒታል አንዷን ወደ ሌላ ክፍል ማዞር ማንንም አይጎዳም፤ ታካሚዋ ነገሩን ሳታውቀው ትሄዳለች። በአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ግን የሚመደቡት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አንዷ ወሊድ ወጥታ ሌላዋ «እምነቴ አይፈቅድም» ካለች፣ በዚያ ቀበሌ እምቢ ያለው ግለሰብ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው እናት የምትሰማው አንዲት ሴት ስለ ሕሊናዋ ስትናገር ሳይሆን የአገሯን መልስ ነው።

ይሄ መለኪያ ግን ሃይማኖተኛውን ብቻ የሚጠርብ እንዳይመስላችሁ። «ዓለማዊ ነኝ» የሚለውንም መንግሥት ይይዛል። በ2017 አክሱም ውስጥ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሳችሁ አትገቡም በመባላቸው፣ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት እንዳለው ከ150 በላይ የሚሆኑት የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ አመለጣቸው፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የት/ቤት ሥነ ሥርዓት፣ የደንብ ልብስ፣ የትምህርት ዓለማዊነት፣ ብዙ ተብሏል። ወረፋው ላይ ካለችው ልጅ ስንነሳ ግን የሚያስፈልገን አንድ ጥያቄ ነው፦ አገር አቀፉ ፈተና ሁለተኛ አለው ወይ? የለውም። እንግዲህ በፀጉሯ መሸፈኛና በዩኒቨርሲቲዋ መካከል ምረጪ የተባለችው ልጅ የመረጠችው ነገር የለም።

በሙያዬ ይሄን ጥያቄ በትንሹ አግኝቼዋለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት የተረጂዎች መመዝገቢያ ሲስተም እንድሠራ ሰጥቶኝ፣ የፍላጎት ዝርዝሩ ላይ «ሃይማኖት» የሚል መስክ ነበረ፣ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ ሳይሞላ የማያሳልፍ። ለምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ክፋት አልነበረበትም። «ድሮም ወረቀቱ ላይ ነበረ» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ምግብ ለመለየት ይጠቅማል አለ፣ ይሄኛው ምክንያት ነው። ኮከቡን አነሳሁት፣ ጥያቄውንም «የማይበሉት ምግብ አለ?» ወደሚል ቀየርኩት፣ ተስማሙ። ለኮድ የሁለት መስመር ሥራ ናት። ለምትሞላዋ ሴትዮ ግን፣ ስንዴ ከመውሰዷ በፊት እምነቷን ለማያውቁት ወጣት መናገር ወይም አለመናገር ነው። ፋይዳ መታወቂያ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ መንግሥት ማንነትህን ለማወቅ እምነትህ የማያስፈልገው ከሆነ፣ ስንዴ ለመስጠት ለምን ያስፈልገዋል?

የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ወጥ ቤቱ፣ አሁን ቀላል ሆነ ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይሠራል፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ይቀርባል፣ የመንግሥት በጀት ነው፣ ማንም ሕገ መንግሥት ተጣሰ ብሎ አልጮኸም። ልጁ እንዲበላ ነው የተደረገው። ለምገባውም ያው ነው፦ ሽሮና ምስር ማንንም አያጣላም፣ እንቁላሉ ወደ ማክሰኞና ሐሙስ ይዞር፣ ረጅሙ ጾም ሲገባ የማይጾሙት ልጆች ለብቻ ይቀቀልላቸው፣ ሥጋ ካለ ሁለት ድስት።

ሁለት ድስት ሲባል ግን ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ተጨማሪ እንጨት ነው። እዚህ ጋ ነው የሕግ አስተያየቱ ከሕግ የሚወጣው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ በ«ሌላ በር» ላይ የቆመ ነው፣ ሌላ በር ደግሞ ገንዘብ ይፈጃል። ቤተ እምነቱ ቅድመ ሁኔታውን አልቀበልም ብሎ ማዕከሉን ቢተወው አረጋውያኑ የት ይሄዳሉ? ነርሷ ብትለቅ የምትተካት አለች? መለኪያዬ ሲጠብቅ ያለችውን አንዲት በር ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ወረፋው ላይ ያለውን ሰው ያልኩት እኔው አሳደርኩት ማለት ነው። ይሄን ስጋት የሚያጠፋ ክርክር አላገኘሁለትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ በሌላ ሰው ገንዘብ የቆመ በር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዘጋ ሁላችንም አይተናል፤ የሃይማኖቱም ያልሆነውም ድርጅት ሠራተኛውን በአንድ ሳምንት ቤቱ ሰደደ። አንቀጽ 41 ራሱ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበውን ገንዘብ በየጊዜው ከፍ እያደረገ እንዲሄድ ግዴታ ይጥልበታል። ያ ግዴታ ካልተከበረ «ፈቃድ» የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ባለሙያችን ሦስቱንም ጽፎ ሲጨርስ ዝናቡ አላባራም። ለማዕከሉ፦ ይፈቀድ፣ ከእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ጋር። ለጤና ጣቢያው፦ ደንብ 299 ይከበር፣ ነርሷ ግን ከመቀጣቷ በፊት ሌላ ነርስ ወዳለበት ጤና ጣቢያ በዝውውር እንድትሄድ ትጠየቅ። ለወጥ ቤቱ፦ ሁለት ድስት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ታች ወርዶ ማኅተሙ ከሚያርፍበት በግራ በኩል፣ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው ቦታ ላይ፣ በእጁ አንድ መስመር ይጨምራል፦ «ግልባጭ፦ ለገንዘብ መምሪያ።»